ሙሉ ጋዝ፣ 3 በጋዝ 1 በኤሌክትሪክ ወይስ ለየብቻ? ስቶቭን ከሲሊንደርና ከመብራት መስመር የማገናኘት የንጽጽር መመሪያ

ስቶቭ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ የኦቭኑን በር ከፍቶ ይዘጋል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያዞራል። ሲሊንደሩ የት እንደሚቀመጥና ያ ወፍራም ገመድ የት እንደሚሰካ የሚታሰበው ግን ቤት ደርሶ ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ የኩሽናው መስመርና የሲሊንደሩ ቦታ ይታይ፤ ስቶቩን እነሱ ይምረጡት።

የማነጻጽረው አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞቻችን ውስጥ በብዛት የሚገዙትን ሦስት ዓይነቶች ነው፤ ላዩም ኦቭኑም በጋዝ የሚሠራው፣ ላዩ "3 በጋዝ 1 በኤሌክትሪክ" (ሦስት የጋዝ በርነርና አንድ የኤሌክትሪክ ፕሌት) ሆኖ ኦቭኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ እንዲሁም የጋዝ ማብሰያና የኤሌክትሪክ ኦቭን ለየብቻ መግዛት። ከዱባይና ከአሜሪካ የሚመጡት የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው ወደ መጨረሻ እመለስባቸዋለሁ።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት

የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱና ለኩሽናው የተሰጠው መስመር ስንት አምፔር እንደሆነ አንብቡ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ስቶቩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ለ220 ስታካፍሉት የሚወጣው አምፔሩ ነው። 1500 ዋት ፕሌት 7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 2400 ዋት ኦቭን ደግሞ 11 ገደማ። አንድ እሁድ ጠዋት ኦቭኑ ውስጥ ዳቦ፣ ፕሌቱ ላይ ወጥ ቢጣድ 18 አምፔር ሆነ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት የተሠራው ቢበዛ ለ16 አምፔር ነው። በዚያ ላይ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በዚያው መስመር ከተሰካ ሌላ 16 አምፔር ይጨመራል።

ብሬከሩ በዚህ ጊዜ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። አደጋው የሚመጣው "ቶሎ ቶሎ ይወርዳል" ተብሎ በ32 አምፔር ሲቀየር ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ከሆነ ከ20 አምፔር በላይ የሆነ ብሬከር ሊታሰርበት አይገባም፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚግለው ሽቦው ነው፣ ያውም በማይታይበት ቦታ። ዲቫይደርማ ጭራሽ አይታሰብ። ስቶቭ በዲቫይደር የሚሠራበት ቤት ገብታችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ብትነኩት ሙቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የሲሊንደሩ ቦታ ነው። በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ሲሆን ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ሲያመልጥ ወደ ላይ ተንኖ በመስኮት አይወጣም። ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ ካቢኔት ሥር ይገባል፣ በፍሳሽ ቀዳዳ ይወርዳል፣ ደረጃ ካገኘ ወደ ታችኛው ክፍል ይፈስሳል። አየር ውስጥ ድርሻው ሁለት በመቶ ገደማ ሲደርስ ለመቀጣጠል አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ከወለል በታች ያለ ክፍል ውስጥ ሲሊንደር የማይቀመጠው፣ ወለሉ ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ ካለም አጠገቡ የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሸተን ነገርም የጋዙ የራሱ ጠረን አይደለም፤ ጋዙ ሽታ ስለሌለው ማምለጡ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመር ቅመም ነው።

በረንዳ ያለው ኮንዶሚኒየም እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ጥግ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኩሽና ውስጥ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ከስቶቩ ጎን ራቅ አድርጎ ያቁመው። ካቢኔት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የካቢኔቱ በር ከታች በኩል ቀዳዳ ይኑረው። ከላይ ብቻ የተበሳ ካቢኔት ለዚህ ጋዝ ምንም አይጠቅምም።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ

ሙሉ ጋዝ የሆነው ለማገናኘት ከሁሉም ይቀልላል። ከመብራት የሚፈልገው ለክብሪት ምትክ የሚሆን ብልጭታና ለኦቭኑ አምፖል ብቻ ስለሆነ ቀጭን ገመዱ ማንኛውም ደህና ሶኬት ላይ ይሰካል። አንዳንዱ በትንሽ ባትሪ ስለሚለኮስ ያችንም አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ጉድለቱ ሲሊንደሩ ሲያልቅ ሁሉም ነገር አብሮ ማለቁ ነው። ኦቭኑም ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ እሳቱ ከታች ብቻ ከሆነ ድፎ ዳቦው ላዩ ሳይቀላ ታቹ ያርራል። ከላይም ግሪል ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ሙሉ ጋዝ ስትገዙ ለገንዘብ ብላችሁ የማትተዉት አንድ ነገር አለ፤ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋው መቆጣጠሪያ። በርነሩ አጠገብ ቆማ የምትታይ ቀጭን የብረት ዘንግ ናት፤ እሳቱ ሲያሞቃት ቫልቩን ክፍት አድርጋ ትይዛለች፣ ስትቀዘቅዝ ትለቀዋለች። ለላይኛው በርነር ብታስፈልግ ለኦቭኑ ግን የግድ ናት፤ በሩ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እሳት ጠፍቶ ጋዝ ቢቀጥል ማንም አያይም። መሥራቷን ለማወቅ በርነሩን ለኩሱና ትንሽ ካሞቀ በኋላ ሲሊንደሩን ዝጉት። እሳቱ ሲጠፋ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ "ጠቅ" የምትል ድምፅ መሰማት አለባት። ካልተሰማች ሱቁ ይቀይርላችሁ።

3 በጋዝ 1 በኤሌክትሪክ የሚባለው ለእኛ ከተሞች የተፈጠረ ይመስላል። ጋዝ ሲጠፋ ፕሌቱ አለ፣ መብራት ሲጠፋ በርነሮቹ አሉ። ኦቭኑም በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከላይም ከታችም ያበስላል። በትክክል ከተገናኘ የእኔም ምርጫ ይሄው ነው። ችግሩ "በትክክል" የምትለዋ ላይ ነው፤ ይሄ ስቶቭ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አይደለም። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የተሳበ፣ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ያለው፣ በ25 አምፔር ብሬከር የተጠበቀ መስመር ይፈልጋል።

ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ክዳን ኤሌክትሪሽያኑ ሲፈታት አብራችሁ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ከሽቦ ማሠሪያ ብሎኖቹ መካከል ጠፍጣፋ የመዳብ ድልድዮች አሉ። አንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣ አንድ ገመድ) ለሚገባበት ቤት ድልድዮቹ በአንድ ዓይነት፣ ሦስት ፌዝ ለሚገባበት በሌላ ዓይነት ይደረደራሉ፤ ሥዕሉ ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ይገኛል። ድልድዩ ተነስቶ ከተረሳ ፕሌቱ ይሠራና ኦቭኑ ዝም ይላል። "ስቶቩ ተበላሽቷል" ተብሎ ወደ ሱቅ ከመመለሱ በፊት ይህቺ ትታይ። ብሎኖቹም በደንብ ይጥበቁ፤ ላልቶ የታሰረ ሽቦ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጠዋል።

አሁን ብዙ ቤት ወደሚረሳው ልምጣ፤ ኧርዝ፣ ማለትም የስቶቩን አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ገመድ። የስቶቩ አካል ብረት ነው፣ አጠገቡ ውሃ አለ፣ የምታበስለው ሰው እጇ እርጥብ ነው። የፕሌቱ ውስጠኛ ሽፋን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ቢያልፍ ኧርዝ ያለው ቤት ብሬከር ያወርዳል፤ ኧርዝ የሌለው ቤት ሰው ይመታል። "ስቶቩ ይነዝረኛል" የምትል ቤተሰብ ካለች ጫማ አድርጊ ብሎ ማለፍ አይገባም። አቋራጭ ፈልጎ የኧርዙን ገመድ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ገመድ) ጋር የሚያገናኝ ባለሙያም ያጋጥማል፤ አትፍቀዱለት። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ የስቶቩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ትክክለኛው መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ወይም ከሕንፃው የኧርዝ መስመር ተያይዞ የሚመጣው ነው። 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚባለው ብሬከር ከተጨመረ ደግሞ እጥፍ ጥበቃ ነው፤ ወደ አካል የሚያፈተልክ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ገና ሰው ሳይጎዳ ይቆርጣል።

የቮልቴጅ መውረድም በዚህ ስቶቭ ላይ ይታያል። 220 የነበረው ማታ ማታ ወደ 180 ቢወርድ ፕሌቱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል። ፕሌቱ ደካማ ሆነ ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ሰዓቱን አስቡ።

ለየብቻ መግዛት ለተከራይ ይስማማል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የጋዝ ማብሰያ ኩሽና ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ኦቭኑ ደግሞ ሌላ ብሬከር ላይ ባለ ሶኬት። 2400 ዋት ኦቭን ብቻውን ከሆነ ኧርዝ ያለው ደህና ባለ 16 አምፔር ሶኬት ይችለዋል፤ ግድግዳ መቦርቦር፣ ባለቤቱን ማስፈቀድ የለም፣ ስትለቁም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ግራናይት ውስጥ ገብቶ የሚገጠመው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ላዩ ያምራል፤ የጋዝ መጋጠሚያው ግን ካቢኔት ውስጥ ስለሚደበቅ ቢያመልጥ ቶሎ አይታወቅም። ያንን ከመረጣችሁ መጋጠሚያው በእጅ የሚደረስበት ይሁን፣ ካቢኔቱም ከታች ይበሳ።

ባጭሩ ፍርዴ ይሄ ነው። የራሱ ቤት ኖሮት መስመር ማስሳብ የሚችል ሰው 3 በጋዝ 1 በኤሌክትሪክ ይውሰድ። መስመር ማስሳብ የማይችል ለየብቻ ይግዛ። ሙሉ ጋዝ ጥሩ የሚሆነው መብራቱ እጅግ ለሚያስቸግርበትና ሁለተኛ ሲሊንደር በተጠባባቂነት ማስቀመጥ ለሚችል ቤት ነው። በነገራችን ላይ 12.5 ኪሎ ጋዝ አንድ 2.5 ኪሎዋት በርነርን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ ለ60 ሰዓት ገደማ ያነድዳል። ከዚያ በጣም ቀድሞ ካለቀባችሁ ወይ ሳይሞላ ተሸጦላችኋል ወይ አንድ ቦታ ያመልጣል።

ከሲሊንደር እስከ ስቶቭ

ሲሊንደሩ አፍ ላይ ታስሮ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ሁለት ዓይነት ይሸጣል። ለቤት ስቶቭ የሚሆነው ዝቅተኛ ግፊት የሚሰጠው ነው፤ ላዩ ላይ 30 ሚሊባር ገደማ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ የሚስተካከል ቁልፍም የለውም። ሌላው ግፊቱ በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ለምግብ ቤትና ለድግስ ትልልቅ ምድጃ የሚሆነው ነው። "እሳቱ ይበረታል" ብሎ ይህንን ለቤት የሚያስር አለ። ይበረታል፤ የስቶቩ ቫልቮችና ጎማው ግን የተሠሩት ለዚያ ግፊት አይደለም። የሲሊንደር አፍም ሁሉም አንድ አይደለም፣ ተጭኖ የሚገባም በብሎን የሚታሰርም አለ። ሲሊንደር ስትቀይሩ የቀድሞው ሬጉሌተር በግድ እንዲገባ አትታገሉ። በብሎን የሚታሰሩት ብዙዎቹ ጥርሳቸው የግራ ስለሆነ የሚጠብቁት ወደ ግራ ሲዞሩ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው እያጠበቀ መስሎት ይፈታል።

ጎማን በተመለከተ ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ ለጋዝ የተሠራ፣ ላዩ ላይ የጋዝ ስለመሆኑና የተሠራበት ዓመት የታተመበት። የውሃ ጎማ ዋጋው ይረክሳል፣ ጋዙ ግን ውስጡን እየበላው ያደርቀዋል። የታተመው የማብቂያ ዓመት ካለፈ፣ ከሌለበትም ከተሠራ አምስት ዓመት ካለፈው ይቀየር። ጎንበስ አድርጋችሁ ስታጥፉት ላዩ ላይ ስንጥቅ ካወጣ ዓመቱን አትጠብቁ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ደግሞም ከኦቭኑ ጀርባ አይለፍ። ኦቭኑ ሁለት ሰዓት ሲሠራ ያ ጀርባ ምን ያህል እንደሚግል እጃችሁን ስታስጠጉ ታውቁታላችሁ። ጎማው በየጫፉ በክላምፕ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይታሰር፤ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ጎማውን እየቆረጠ ይሄዳል።

በረንዳ ላይ ያለው ሲሊንደር ከስቶቩ ሦስት አራት ሜትር ከራቀስ? ብዙ ሰው ረጅም ጎማ ገዝቶ በመስኮት ያስገባና መስኮቱን ይዘጋበታል። የተሻለው ግድግዳው ላይ የታሰረ የመዳብ ቱቦ ነው፤ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ በሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ከሲሊንደሩ በኩልና ከስቶቩ በኩል ብቻ አጭር ጎማ ይኑረው፣ ኩሽና ሲገባም በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ይደረግለት። ወጪው ይጨምራል፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን አይጥ የማይበላው፣ ፀሐይ የማያደርቀው ነው።

ቴፍሎን የሚባለው ነጭ የመጋጠሚያ ጥቅል ጥርስ ለጥርስ የሚገጥመው ቦታ ላይ ብቻ ይጠቀለላል። የጎማ ቀለበት ያለው መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ቀለበቱ እንዳይገጥም ያደርጋል፤ የሲሊንደር መጋጠሚያ ላይ የሚታየው ነጭ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ቀለበትን ለመሸፈን የተደረገ ነው። ቀለበቱን መቀየር የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ የስቶቩን ቁልፎች በሙሉ ዝጉ፣ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ ወፈር ያለ የፈሳሽ ሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀቡ፤ ከሲሊንደሩ አንገት ጀምራችሁ፣ በሬጉሌተሩ ዙሪያ፣ በጎማው ሁለት ጫፎች። ከክላምፑ ሥር የምታመልጥ ጋዝ አረፋውን በአንድ ጊዜ አትነፋውም፤ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ቀስ ብለው ይወጡና ይጠራቀማሉ። ስለዚህ ቀብታችሁ ወዲያው አትሂዱ፣ ቆም ብላችሁ እዩት። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይደገም። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካመጣችሁ ከበር መልሱት።

እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ መቆም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ በርነር እዚህ አየር ያንሰውና ጫፉ ቢጫ ሊሆን፣ ድስቱንም ጥላሸት ሊያለብስ ይችላል። የአየር ማስገቢያ ቀለበት ያለው በርነር ቀለበቱ ሰፋ ሲደረግ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ኖዝሉን (ጋዙ የሚወጣበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በባለሙያ ማስቀየር እንጂ በመርፌ መጎርጎር አይገባም፤ ቀዳዳው ይሰፋና ይብሳል። ቢጫ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ አይሸትም።

ከዱባይ የመጣ፣ ከአሜሪካ የመጣ

ዘመድ የላከው ስቶቭ ከየት እንደመጣ ይለያያል። ከኤምሬትስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለሲሊንደር ዓይነት ጋዝ የተሠራና 50 ኸርዝ፣ 220–240 ቮልት የሆነ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይግባባል። ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። ርካሽ አዳፕተር ገዝቶ መሰካት ኧርዙን ሊያስቀር ስለሚችል ስፒናውን አስቀይሩት። ሻርጃ ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ የሚገባባቸው ቤቶች ስላሉ ከዚያ የመጣ ያገለገለ ስቶቭ ከሆነ ኖዝሉን ሳያስፈትሹ መለኮስ የለም።

ከአሜሪካ የሚመጣው ከባዱ ነው። እዚያ ብዙ ቤት የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ይገባለታል፤ የዚያ ጋዝ ኖዝል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ በሲሊንደር ጋዝ ሲለኮስ እሳቱ ተንቦልቡሎ ቢጫ ይሆናል። ብዙዎቹ ስቶቮች የሚቀየሩ ትንንሽ ኖዝሎች ከፋብሪካው ይዘው ይመጣሉ። ኮንቴይነር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያቺ ከረጢት መኖሯን አስጠይቁ። ለኩሶ የሚያነድደው ክፍል 120 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ቦርዱ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ላዩ በጋዝ፣ ኦቭኑ በ240 ቮልት የሆነው ዓይነትማ ውስጡ 120ንም 240ንም ስለሚጠቀም እዚህ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው። እኔ ብሆን የማጓጓዣውን ገንዘብ እዚህ ለሚገዛና ለመስመሩ አውለው ነበር።

እዚያው ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ቤት ገዝታችሁ ስቶቭ ለምትቀይሩ ደግሞ፤ ሙሉ ጋዝ ከሆነ የተለመደው የ120 ቮልት ሶኬት ይበቃዋል። ኦቭኑ በኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ከ40 እስከ 50 አምፔር የሆነ ለብቻው የተሳበ ባለ 240 ቮልት መስመርና ባለ አራት እግር ሶኬት ይፈልጋል፤ ባለ ሦስት እግሩ ከድሮ ቤቶች የቀረ ነው። ከግድግዳው ወደ ስቶቩ የሚሄደውን ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ከአሮጌው ስቶቭ ፈትቶ ለአዲሱ ማሰር አይፈቀድም፤ አዲስ ይገዛል። ስቶቩ ወደ ፊት እንዳይገለበጥ ወለሉ ላይ የሚታሰረውን ብረትም ካርቶኑ ውስጥ አትተዉት፤ ልጅ የተከፈተ የኦቭን በር ላይ ሲቆም ነው የሚያስፈልገው።

ከሸተተ

ሲሊንደሩን ዝጉ። መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ስፒና አትንቀሉ፤ ስትከፍቱትም ስትዘጉትም ብልጭታ አለው። መስኮት ብቻ ሳይሆን በሩንም ክፈቱት፣ ጋዙ ወለል ላይ ስለሆነ የሚወጣው በበር በኩል ነው። ወደ ሲሊንደሩ መድረስ ካልቻላችሁ ወይም ሽታው ካልቀነሰ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና ስልኩን ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 ነው። ከታች ያሉ ጎረቤቶችንም አንኳኩላቸው፣ ደወላቸውን ግን አትጫኑ።